አቤሜሌክ ስለሚባለው ስም

ባለፈው ዓቢይ ጾም አንድ ጐልማሳ ከወላጅ እናቱ ጋራ ወደ ቤታችን መጥቶ ስለ ስም ነገር ጠየቀን። ሚስቱ ወንድ ልጅ ከተገላገለች 32 ቀን ሆኗት ነበርና፣ ሕፃኑ በ40 ቀኑ ክርስትና እስኪነሣ የቀረው 8 ቀን ብቻ ነው። አባትየው ልጁን አቤሜሌክ ብሎ ሊጠራው ቈርጧል፤ አያቲቱ ደግሞ «የወንድም ገዳይ ስም በቤቴ አይጠራም» ብለው እንቢ ብለዋል። ነገሩ ተካርሮ እናትና ልጅ ሳይነጋገሩ ሦስት ቀን ሆኗቸው ነበር።

ጐልማሳው የሚተዳደረው የውኃ ጕድጓድ በመቈፈር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በሰው ግቢ ሲቈፍር አፈሩ ተናደና እስከ ደረቱ ቀበረው። ከላይ የነበሩት ሁለቱ ባልደረቦቹ ደንግጠው የሚያደርጉት ጠፋቸው። ያን ጊዜ የግቢው ዘበኛ፣ ከሩቅ አገር የመጣና የከተማውን ቋንቋ እንኳ አጥርቶ የማይናገር ሰው፣ በየበሩ እየሮጠ ሰውና ገመድ ሰበሰበ፤ አፈሩንም አስዝቆ ከነነፍሱ አስወጣው። ጐልማሳው ከሕመሙ ድኖ ሊያመሰግነው በሄደ ጊዜ ዘበኛው ሥራውን ለቅቆ ሄዷል፤ ስሙንም ቢጠይቅ «ዘበኛው» ከማለት በቀር የሚያውቅ አንድ ሰው አልተገኘም። ስለዚህ ወንድ ልጅ ቢወለድልኝ ነቢዩ ኤርምያስን ከጕድጓድ ባወጣው ሰው ስም እጠራዋለሁ ብሎ ተሳለ።

እናቱም የተቈጡት ያለ ምክንያት አይደለም። የጌዴዎን ልጅ አቢሜሌክ ሰባ ወንድሞቹን በአንድ ድንጋይ ላይ እንዳረደ፣ ኋላም አንዲት ሴት ከግንብ ላይ በለቀቀችበት የወፍጮ መጅ ራሱ እንደ ተሰበረ፣ በመጽሐፈ መሳፍንት 9ኛ ምዕራፍ የተጻፈውን ሰምተዋል። በዚያ ቀን በቃል የመለስንላቸው አጭር ነበር፤ ጥያቄው ግን በሌላም ቤት ሊነሣ የሚችል ስለ ሆነ ሰፋ አድርገን ልንጽፈው ወደድን።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ በእኛ አንደበት አንድ የመሰለው ስም በዕብራይስጥ ሁለት መሆኑ ነው። የጌራራው ንጉሥና የጌዴዎን ልጅ የተጠሩበት ስም «አቢ ሜሌክ» ነው፤ አቢ ማለት አባቴ፣ ሜሌክ ማለት ንጉሥ ነውና «አባቴ ንጉሥ ነው» ማለት ነው። በትንቢተ ኤርምያስ 38ኛ ምዕራፍ የምናገኘው ኢትዮጵያዊ ስም ግን «ዔቤድ ሜሌክ» ነው፤ ትርጓሜውም የንጉሥ አገልጋይ፣ በግእዝ ገብረ ንጉሥ ማለት ነው። የፊተኛው በአልፍ አ፣ የኋለኛው በዐይን ዐ ይጀምራል። የፊተኛው ልጅነትን የሚናገር ስም ነው፤ የኋለኛው ባርነትን። እንግዲህ በትርጓሜ ቢሄዱ ከዚህ የበለጠ የሚራራቁ ሁለት ስሞች ለማግኘት ያስቸግራል።

ታዲያ እንዴት ተቀላቀሉ ቢሉ፣ በቋንቋ ለቋንቋ መሸጋገር ነው። ጽርእ ዐይን የሚባለው ፊደል የለውም፤ ስለዚህ መጽሐፉን ከዕብራይስጥ ወደ ጽርእ የመለሱት ሰብዓ ሊቃናት ሁለቱንም ስሞች በአልፋ ጀመሯቸው። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያዊውን ስም «አብዴሜሌክ» ብለው ስለ ጻፉት ዳሌጡ ገና በመካከል ቆሞ ሁለቱን ይለያቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ኤርምያስና ስለ ባሮክ በጽርእ በተጻፈው፣ በእኛም ዘንድ «ተረፈ ነገር ዘባሮክ» በሚባለው መጽሐፍ ዳሌጡ ወደቀና ስሙ «አቢሜሌክ» ሆነ። በእኛ አንደበት አንዱ አቤሜሌክ፣ ሌላው አቢሜሌክ ይባላሉ፤ በሁለቱ መካከል የቀረው ልዩነት የአንዲት ፊደል ኃምስና ሣልስ መሆን ብቻ ነው፤ ይህንንም ፈጥኖ የሚያነብ ሰው አይለየውም።

ይህ መከራ የደረሰው በዚህ ስም ብቻ አይደለም። ታቦተ ጽዮን ሦስት ወር በቤቱ የተቀመጠችበት የጌት ሰው ስሙ በዕብራይስጥ «ዖቤድ ኤዶም» ነው። ዳሌጥና ሬስ በዕብራይስጥ አጻጻፍ እጅግ ስለሚመሳሰሉ በጽርእ ስሙ ተለውጦ ወጣ፤ እኛም አቢዳራ ብለን እንጠራዋለን። በዚህም ስም «አገልጋይ» የሚለው ቃል ጠፍቶ «አባት» የሚለውን የሚመስል ድምፅ ተተክቶበታል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በእኛ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው ቃላቱን በአበገደ ተራ መደርደራቸው ለአንዳንድ ሰው የሊቅ ልማድ ብቻ መስሎ ይታየው ይሆናል፤ እኛ ግን አልፍንና ዐይንን ያልለየ ሰው ገዳዩን ከአዳኙ ጋራ ሊያደባልቅ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

አንድ ሰው «ታዲያ ግእዙ ዔቤድ የሚለውን ቃል እንዳለ ቢወስደው ምን ነበር?» ቢል፣ የዳዊት ደጋሚ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። በ13ኛው መዝሙር መጀመሪያ የሚገኘው «አብድ» በግእዝ ሰነፍ፣ ልበ ቢስ ማለት ነው፤ ዛሬም በአማርኛ አበደ የምንለው ከዚሁ ነው። ስለዚህ በዕብራይስጥ «ዔቤድ» ባለበት ስፍራ ግእዝ «ገብር» ይላል። ነገር ግን የሁለቱ ቃላት ዐሳብ አንድ ነው። በዕብራይስጥ ዐበድ ማለት ሠራ፣ ተገዛ ማለት ሲሆን፣ በግእዝም ገብረ ማለት ሠራ ነውና ገብር ማለት ሠራተኛ፣ ተገዢ ማለት ይሆናል። ከዚሁ ጋራ የሚገርመው ንጉሥ የምንለው የራሳችን ቃል ነው፤ የዕብራይስጡ ዘመድ «ኖጌሥ» በኦሪት ዘፀአት እስራኤልን በጡብ ሥራ ያስጨንቁ የነበሩት የፈርዖን አስገባሪዎች የተጠሩበት ነው። ንጉሥ ያልነው እነርሱ ዘንድ አስጨናቂ ሆኖ ተገኘ፤ እነርሱ ሜሌክ ያሉት ደግሞ በእኛ ዘንድ ከምድራዊ ንጉሥ ከፍ ብሎ «መለከ» ገዛ ከሚለው ወጥቶ «አምላክ» ሆነ።

በዔቤድ የተሠሩ ስሞች በመጽሐፍ ብዙ ናቸው። የሩት ልጅ፣ የእሴይ አባት ኢዮቤድ፣ ነቢዩ አብድዩ፣ ሌላውም በአክዓብ ቤት አዛዥ ሆኖ መቶ ነቢያትን ኀምሳ ኀምሳውን በዋሻ ሸሽጎ የመገባቸው አብድዩ ሁሉ ከዚሁ ቃል ናቸው። ይህ የኋለኛው አብድዩ የእኛን ሰው አጥብቆ ይመስለዋል፤ ሁለቱም በክፉ ወይም በደካማ ንጉሥ ቤት ተቀምጠው ነቢያትን አድነዋልና። ነገር ግን አብድዩ ማለት የእግዚአብሔር አገልጋይ ሲሆን ዔቤድ ሜሌክ የንጉሥ አገልጋይ ነው። ስሙ ከጌታው አላለፈም።

እዚህ ላይ ሊቃውንቱ ሁለት ዐሳብ አላቸው። ዔቤድ ሜሌክ የሰውየው ስም ነው፤ አንድም የሹመቱ መጠሪያ ነው። ሹመት ነው የሚሉት፣ በይሁዳ ነገሥታት ዘመን «የንጉሡ አገልጋይ» የታላላቅ ባለሟሎች ማዕርግ ስለ ነበረ ነው። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1932 ከኢየሩሳሌም በስተሰሜን ተል ኤን-ናስቤ በሚባለው ስፍራ ሲቈፈር የአውራ ዶሮ ሥዕል ያለበት አንድ ማኅተም ተገኝቷል፤ ጽሕፈቱም የንጉሡ አገልጋይ የያእዛንያ መሆኑን ይናገራል። ስም ነው የሚሉት ደግሞ ከሰዋስው ይነሣሉ። በማኅተሙ ላይ «ዔቤድ ሀሜሌክ» ተብሎ «ሀ» ገብቶበታል፤ ይህም የታወቀውን ንጉሥ የሚያመለክት ምልክት ነው። በኤርምያስ መጽሐፍ ግን ያለ «ሀ» «ዔቤድ ሜሌክ» ተብሎ ተጽፏል፤ ደግሞም ያእዛንያ ከማዕርጉ በፊት የራሱ ስም ሲኖረው ኢትዮጵያዊው ከዚህ በቀር ሌላ ስም የለውም።

እኛ ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል እንላለን። ዳንኤልና ሦስቱ ብላቴኖች ወደ ባቢሎን በተማረኩ ጊዜ የጃንደረቦቹ አለቃ ስም እንዳወጣላቸው፣ አዛርያም አብደናጎ እንደ ተባለ ተጽፏል፤ ይህም ስም እንደ ዔቤድ ሜሌክ በዔቤድ የተሠራ ነው። ቤተ መንግሥት ከሌላ አገር ለመጣ ሰው ስም ያወጣለታል፤ ያወጣለትም ስም የአገልጋይነት ስም ነው። ከኩሽ ምድር የመጣው ይህ ሰውም እናቱ በወለደችው ጊዜ ያወጣችለት ሌላ ስም ነበረው ብለን እናስባለን። በመጽሐፍ የቀረው ግን ጌቶቹ የጠሩት ነው።

ኩሽ ሲባል አንባቢ በዛሬው ካርታ ብቻ እንዳያስበው አደራ እንላለን። በዕብራይስጥ ኩሽ የሚባለው ከግብፅ በስተደቡብ ያለው የዓባይ ምድር ነው፤ ጽርኡም «ኢትዮጵያ» ብሎ ተረጐመው። የዚያ ምድር ነገሥታት በስምንተኛውና በሰባተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ግብፅን ጨምረው ይገዙ ነበር፤ በመጽሐፈ ነገሥት የተጠቀሰው ቲርሐቅ ከእነርሱ አንዱ ነው። ስለዚህ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 587 ዓመት ግድም በሴዴቅያስ ቤት አንድ ኩሻዊ ባለሟል መገኘቱ ምንም አያስገርምም።

አሁን ወደ ጕድጓዱ እንመለስ። ኢየሩሳሌም በባቢሎናውያን ተከባ ሳለ ኤርምያስ እጃችሁን ስጡ፣ በሕይወት ትኖራላችሁ ብሎ ስላስተማረ አራት መኳንንት የወታደሩን ልብ ያደክማል ብለው ከሰሱት፤ ንጉሡም እናንተን መቃወም አይቻለኝም ብሎ አሳልፎ ሰጣቸው። የጣሉትም የንጉሡ ልጅ በተባለው በመልክያ ጕድጓድ ነው፤ ውኃ አልነበረበትም፣ ጭቃ ነበረበት እንጂ። ስሞቹን ልብ ብሎ ለሚመለከት እዚህ አንድ ነገር አለ። አባቴ ንጉሥ ነው ማለት የሚገባው የጕድጓዱ ባለቤት ነበር። ነቢዩን ከዚያ ያወጣው ግን የንጉሥ አገልጋይ የተባለው ነው።

ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ነበር፤ በር ማለት በዚያ ዘመን ሸንጎ ነው። አቤሜሌክ በስውር አልለመነም፤ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ በሸንጎው መካከል እነዚህ ሰዎች ክፉ አድርገዋል ብሎ ተናገረ። በከተማው እንጀራ አልቋልና ነቢዩ በዚያው በራብ ይሞታል አለ። ንጉሡም ሠላሳ ሰው ይዞ እንዲያወጣው አዘዘው። አንድ ሰው ከጕድጓድ ለማውጣት ሠላሳ ሰው ምን ያደርጋል ቢሉ፣ አራቱ መኳንንት ሰው አስነሥተው እንዳይከለክሉት ነው፤ አንድም በራብ የደከመው ሕዝብ ኀይል ስላልነበረው ነው።

ከታሪኩ ሁሉ እኛን የሚነካን ግን ጨርቁ ነው። አቤሜሌክ ገመዱን ይዞ በቀጥታ ወደ ጕድጓዱ አልሮጠም። አስቀድሞ ከግምጃ ቤቱ በታች ወዳለው ስፍራ ገብቶ ያረጀ ጨርቅና ያለቀ ልብስ ሰበሰበ፤ ያንንም በገመድ አወረደለትና በብብትህ ሥር ከገመዱ በታች አድርገው አለው። ጭቃ ይዞት የደከመ፣ በራብ የከሳ ሽማግሌ በገመድ ሲጐተት ብብቱ እንደሚላጥ የሚያስብ፣ ሲጐተቱ ያየ ወይም ራሱ የተጐተተ ሰው ነው። ይህን ስናነብ ጕድጓድ ቈፋሪው ጐልማሳ ዐይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። እርሱን ሲያወጡት ዘበኛው የራሱን ካፖርት አውልቆ እንደ ወረወረለት ያን ጊዜ ነገረን።

ኤርምያስን የጣሉት መኳንንት ስማቸው ከነአባታቸው በ38ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ተጽፏል። በዘመናችን ደግሞ በኢየሩሳሌም የዳዊት ከተማ በሚባለው ስፍራ ሲቈፈር፣ በ2005 የሰሌምያ ልጅ የዮካል፣ በ2008 የጳስኮር ልጅ የጎዶልያስ ስም የታተመባቸው ሁለት የሸክላ ማኅተሞች እርስ በርሳቸው በጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ተገኙ። ሁለቱም ከአራቱ ከሳሾች ስም ጋራ አንድ ናቸው። የአቤሜሌክ ማኅተም አልተገኘም፤ ማኅተም የነበረውም አይመስለንም። በመጽሐፉ ግን በ39ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር ለእርሱ ብቻ የላከው ቃል አለ። ከተማይቱ ስትወድቅ ከሚፈራቸው ሰዎች እጅ እንደሚያድነው፣ በእርሱ ታምኗልና ነፍሱ እንደ ምርኮ እንደምትሆንለት ተነገረው።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሚናገረው ተረፈ ነገር ዘባሮክ ነው። ኤርምያስ ይህ ወዳጁ የከተማይቱን ጥፋት እንዳያይ ስለ ለመነ፣ በለስ አምጣ ተብሎ ወደ አግሪጳ የወይን ቦታ ተላከ። ሲመለስ ሙቀቱ ቢያደክመው ከዛፍ ጥላ ሥር ጋደም አለና 66 ዓመት ተኛ። በነቃ ጊዜ ራሱ ከብዶት ጥቂት ብተኛ በወደድሁ አለ፤ በለሱ ግን ገና ወተቱ ይንጠባጠብ ነበር። ከተማው ገብቶ አገሩ ጠፋው። አይሁድም በበኩላቸው «ደሬክ ኤሬጽ ዙታ» በሚባለው ጽሑፋቸው ሞትን ሳያዩ ወደ ገነት ገቡ የሚሏቸውን 9 ሰዎች ሲቈጥሩ ከሄኖክና ከኤልያስ ጋራ ኩሻዊውን ዔቤድ ሜሌክን ያስገቡታል።

ይህን ያህል ክብር ያለው ሰው ሲሆን ስሙ ለምን አልበዛም? በዕብራውያን ዘንድ ዖባድያ የሚለው ስም እስከ ዛሬ ይሰየማል፤ ዔቤድ ሜሌክ ግን በመጽሐፍ የተጠራበት ይህ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በዛሬይቱ እስራኤልም ለልጅ የሚያወጣው አይታይም። ምክንያቱም ግልጽ ይመስለናል። ለዛሬው ዕብራዊ ጆሮ «ዔቤድ» ባሪያ ማለት ነውና ልጁን የንጉሥ ባሪያ ብሎ የሚጠራ የለም። የዚሁ ስም የዐረብ ወንድም ግን እጅግ የበዛ ነው፤ ዐብዱልመሊክ። በእስልምና መሊክ ከእግዚአብሔር ስሞች አንዱ ስለ ሆነ ስሙ የንጉሡ የአምላክ አገልጋይ ማለት ይሆናል፤ በአገራችን እስላሞችም ዘንድ የተለመደ ነው። ከ685 እስከ 705 የነገሠው የኡመያ ኸሊፋ ዐብዱልመሊክ በ691 ወይም በ692 በኢየሩሳሌም የዓለቱን ጕልላት አሠርቷል። የንጉሥ አገልጋይ ጭቃ ረግጦ ነቢይ ባወጣበት ከተማ፣ በዚያው ስም የተጠራ ንጉሥ ወርቅ የለበሰ ሕንፃ አቆመ።

ሌላም በዘመናችን የሆነ ነገር እንጨምራለን። ከ1984 እስከ 1985 በሱዳን በኩል፣ በ1991ም ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል በአውሮፕላን በተወሰዱ ጊዜ፣ ብዙዎቹ ልጆች በመዝጋቢዎችና በመምህራን እጅ አዲስ የዕብራይስጥ ስም ወጣላቸው። ስም ያወጡት ሰዎች ክፉ አስበው ነው አንልም፤ ለመጥራት ስላስቸገራቸው፣ ልጆቹም ካገሩ ልጆች እንዳይለዩ ብለው ነው። ካደጉት መካከል አንዳንዶቹ ግን ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም መልሰው ይዘዋል። ኩሻዊው ሰው በኢየሩሳሌም ሌላ ስም ሲቀበል እናቱ ያወጣችለትን የጠየቀው እንደሌለ ስናስብ፣ ይህን ማድረጋቸው ደስ ያሰኘናል።

በእኛ ዘንድ አቤሜሌክ ከነጭራሹ የጠፋ ስም አይደለም፤ ግን ብርቅ ነው። ወንድሞቹ ግን ቤቱን ሞልተውታል፤ ገብረ ማርያም፣ ገብረ መስቀል፣ ገብረ ሕይወት የሚባል የሌለበት ደብር የት አለ? በአሠራሩ ዔቤድ ሜሌክ የእነዚህ ሁሉ ታላቅ ነው።

ለጐልማሳውና ለእናቱ የፈረድነው እንዲህ ነው። የልጁ መጠሪያ አቤሜሌክ ይሁን፤ ነገር ግን ከጌዴዎን ልጅ እንዲለይ በመዝገቡ ላይ «አቤሜሌክ ዘኤርምያስ» ተብሎ ይጻፍ አልን፤ እንዲሁም ጻፍነው። በ40 ቀኑም ስመ ክርስትናውን ገብረ አምላክ አልነው፤ ዔቤድ ገብር፣ ሜሌክም ለአምላክ ዘመድ ስለ ሆነ ይኸው ስም ነው ብለን ለአያቲቱ አስረዳናቸው። እርሳቸውም ሕፃኑን ታቅፈው ጥቂት ካሰቡ በኋላ «እንግዲያስ እናንተ አቤሜሌክ በሉት፤ እኔ ገብሬ እለዋለሁ» አሉና ከልጃቸው ጋራ እየተነጋገሩ ወጡ።